የነዋብ አክባር ቡግቲ ሕይወት በድምፅ ትረካ

የፓኪስታኑ የባሉች ሕዝብ የጎሣ መሪና ፖለቲከኛ የነዋብ አክባር ቡግቲን ሕይወት የሚዘክረውን የድምፅ ትረካ በሁለት ምሽት አዳምጬ ጨረስሁት፤ ለከፈልሁት ገንዘብ ባልቆጭም እንከን አላጣሁበትም።

ከሁሉ የበረታው ስለ ሱዪ የጋዝ መስክ የሚተርከው ክፍል ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1952 በቡግቲዎች ምድር የተገኘው የተፈጥሮ ጋዝ የፓኪስታንን ፋብሪካዎችና የሩቅ ከተሞችን ማድቤት ለዓመታት ሲያገለግል፣ ከጉድጓዶቹ አጠገብ የሚኖሩት ባሉቾች ግን እንጨት ለቅመው ማንደዳቸውን ተራኪው ድምፁን ከፍ ሳያደርግ ስለሚናገር፣ የኚህ አለቃ ቁጣ ከየት እንደመነጨ አድማጩ ያለ ተጨማሪ ማብራሪያ ይገነዘባል።

የ1973ቱ ምዕራፍ ግን ቅር ያሰኛል። የፓኪስታኑ መሪ ዙልፊካር አሊ ቡቶ በአታውላ መንገል የሚመራውን የባሉቺስታን ክፍለ ሀገር መንግሥት ሲሽሩ፣ ቡግቲ የእኚሁኑ የቡቶን ሹመት ተቀብለው የክፍለ ሀገሩ ገዥ መሆናቸው በብሔርተኞች ዘንድ ያተረፈላቸው ቂም በሁለት ዐረፍተ ነገር ታልፏል፤ በእኔ ግምት ባሕርያቸውን ለመረዳት ከዚህ የሰፋ በር አልነበረም። በ1990 ስላቋቋሙት የጀምሁሪ ወተን ፓርቲም ከስሙ በቀር ብዙ አይነገርም።

ፍጻሜው የጎደለውን በከፊል ይክሳል። በኦገስት 2006 በኮህሉ ተራሮች በጦር ሠራዊቱ ዘመቻ ከተገደሉ በኋላ አስከሬናቸው በተቆለፈ ሣጥን ዴራ ቡግቲ ሲቀበር፣ ተራኪው በቁልፉ ላይ ጥቂት ቆሞ ዝም ይላል። ከትረካው ጋር አንድ ካርታ ቢያያዝ ኖሮ ኮህሉን ከዴራ ቡግቲ ለመለየት ደጋግሜ ወደ ኋላ ባልመለስሁ ነበር።