ልደታ ኮንዶሚኒየም ከመግዛታችን በፊት ቤቱን የፈተሸልን ኢንጂነር፣ ከነድርድሩ

ለፍተሻው የከፈልነው 15 ሺህ ብር ነው፣ ከቤቱ ዋጋ ላይ ያስቀነሰልን ደሞ 230 ሺህ፣ ግን ይሄን ምጽፈው ለብሩ ብቻ ብዬ አይደለም። እዚህ ከተማ ሰው አሮጌ መኪና ሲገዛ መካኒክ ይዞ ሄዶ ከስር ሳይቀር ያሳያል፣ በሚሊዮን ለሚገዛ ቤት ግን ሳሎኑን ዞር ዞር ብሎ አይቶ ቀለሙ ደስ ካለው ቀብድ ይሰጣል። ይሄ ነገር በጣም ያሳስበኛል፣ ብዙ ዘመዶቼ የእድሜ ልክ ቁጠባቸውን እንዲህ ነው ያወጡት።

ቤቱ ባለ ሁለት መኝታ ነው፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ለባቡሩም ለሜክሲኮ አደባባይም ቅርብ። ሻጮቹ ጋሼና እትዬ ናቸው፣ ቤቱ ከተሰጣቸው ጀምሮ የኖሩበት፣ በጣም ጨዋ ሰዎች። ደላላው "ዛሬ ቀብድ ካልጣላችሁ ነገ ሌላ ገዢ አለ" እያለ ሲያዋክበን ነበር፣ እኛ ግን ሳናስፈትሽ አንሰጥም አልን። ለምን መሰላችሁ፣ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1885 ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ልተው ካለ ቀብዱን ያጣል፣ የተቀበለው ከተወ ደሞ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ስለዚህ ቀብድ ሰጥታችሁ ከዛ በኋላ ችግር ብታገኙ የመደራደር አቅማችሁ አለቀ ማለት ነው፣ የግድ ቀድማችሁ መስጠት ካለባችሁ እንኳን "ፍተሻው ላይ ከባድ ጉድለት ከተገኘ ቀብዱ ይመለሳል" ሚል መስመር የቀብድ ውሉ ላይ አስጽፉ።

ኢንጂነሩ ወጣት ልጅ ነው፣ የራሱን ስራ የሚሰራ፣ ከየትኛውም ደላላ ጋር አይሰራም (እሱን ቀድመን አጣርተናል፣ ደላላው ያመጣው ኢንጂነር ቢሆን አንቀበልም ነበር)። መጀመሪያ የሻወሩን መውረጃ በላስቲክና በጨርቅ ጥርቅም አድርጎ ደፈነና ወለሉ ላይ ውሃ አቆረበት፣ ውሃው እዛው እንዳለ እሱ ሌላውን ክፍል ሲያይ ቆየና ታች ቤት ወርዶ ጎረቤቶቹን አስፈቅዶ የነሱን ሻወር ጣሪያ አየ። ቀለሙ ተላጧል፣ ቢጫ ምልክት አለው፣ ትንሽ ቆይቶ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። ላይ ቤት ሆናችሁ ብታዩት ሴራሚኩ ያበራል፣ ምንም የለውም ትላላችሁ። ችግሩ ያለው ከሴራሚኩ ስር ነው፣ ውሃ መከላከያው ወይ አልተሰራም ወይ አልቋል።

ሁለተኛው የምጣዱ መስመር ነው፣ እዚህ ጋ በጣም ነው የደነገጥኩት። የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 3,500 ዋት ይፈጃል፣ በ220 ቮልት ስታካፍሉት 16 አምፔር አካባቢ ነው፣ ያ ምጣድ የተሰካበት ሶኬት ደሞ ባለ 2.5 (ካሬ ሚሊሜትር ውፍረት) ሽቦ ሆኖ ከሳሎኑ ሶኬቶች ጋር አንድ መስመር ላይ ነው ያለው፣ ብሬከሩ "እየወደቀ አስቸገረ" ተብሎ በ32 አምፔር ተቀይሯል። ማለትም ሽቦው ከአቅሙ በላይ እየጋለ ብሬከሩ ዝም ብሎ ያየዋል። ሶኬቱን ሲፈታው የሽቦው ፕላስቲክ ቀልጦ ጠቁሯል። እትዬ በዛ ምጣድ ነው እስከዛሬ የጋገሩት፣ ቤቱን ባንገዛው እንኳን ይሄ በመታየቱ ደስ ብሎኛል። በዛው ቀን ምጣዱን ነቅለው አስቀመጡት።

ስንጥቆቹን በተመለከተ ግን እኛ ፈርተነው የነበረው ምንም አልሆነም። የግድግዳው ብሎኬትና ኮለኑ (የሕንፃው ምሰሶ) ሚገናኙበት ጋ ከላይ እስከ ታች የሄደ ቀጭን ስንጥቅ አለ፣ ሁለቱ ነገሮች ሙቀትና ቅዝቃዜ ላይ እኩል ስለማይንቀሳቀሱ ልስኑ ነው ሚሰነጠቀው አለን፣ ሚያስፈራው ቢሙ (አግድም የሚሸከመው) ወይ ኮለኑ ራሱ ላይ ቢሆን ነበር። ይሄን ደሞ ጋሼ ፊት ነው የተናገረው። እኔ በሆዴ ምን አለ ዝም ቢል ትንሽ ያስቀንስልን ነበር ብዬ ነበር፣ ድርድሩ ላይ ግን የጠቀመን እሱ ነው።

ድርድሩ እነሱ ቤት ቡና ተፈልቶ ነው የተደረገው። ጋሼ መጀመሪያ "እኔ ቤቱን እንዳለ ነው የምሸጠው ልጆቼ፣ አዲስ ቤት ከፈለጋችሁ ሪል እስቴት ሂዱ" አሉ፣ ደላላውም ወዲያው "ልክ ናቸው" አለ። ኢንጂነሩ ግን ተረጋግቶ "ጋሼ፣ ስንጥቁን አላስቆጠርኩብዎትም፣ የበር እጀታውን፣ ቀለሙን አላነሳሁም። ሻወሩ ግን ታች ቤት እያፈሰሰ ነው፣ እርስዎ ባይሸጡትም ነገ ጎረቤትዎ ይጠይቅዎታል" አላቸው። እዚህ ጋ እትዬ ናቸው "እውነቱን ነው፣ ታች ያሉት ሁለቴ ሰው ልከውብናል" ያሉት። ከዛ በኋላ ክርክሩ ይስተካከል አይስተካከል መሆኑ ቀረና ማን ያሰራው ሚለው ላይ ሆነ።

ጋሼ በራሳቸው ሰው ሊያስደፍኑት ፈልገው ነበር። ኢንጂነሩ ቀድሞ ነግሮን ስለነበር እምቢ አልን፣ ቤቱን ለቆ የሚሄድ ሰው ክፉ ስለሆነ ሳይሆን ርካሹን ነው ሚያሰራው፣ ፉጋው (የሴራሚኩ መገጣጠሚያ) ላይ ሲሊኮን ይቀባና ክረምት ሳይደርስ ተመልሶ ያፈሳል፣ ያኔ ስሙ ዞሯል። ተደብቆ ሚቀር ስራ ከሆነ ብሩ ይቀነስና እናንተ አሰሩት፣ ሻጭ ብቻ ሊጨርሰው ሚችለውን ደሞ ሻጭ ይጨርስ፣ ጥቃቅኑን ጨርሶ አታንሱት፣ እሱ ነው ሰውን ሚያናድደው። ኢንጂነሩ ተክለሃይማኖት ካሉት ሱቆች የሴራሚክ፣ የቧንቧና የውሃ መከላከያ ዋጋ በወረቀት ይዞ ነበር፣ የሽቦውንም ጨምሮ ከነእጅ ዋጋው 260 ሺህ መጣ፣ ጋሼ እንድንቀንስላቸው ጠይቀው 230 ላይ ተጨባበጥን።

ከላይ ወደ ታች ሚወርደው የፍሳሽ ቧንቧ መገጣጠሚያው ላይ ያዣል፣ እሱን ግን ከጋሼ ሂሳብ ላይ አላስቀነስንም፣ በጋራ ሕንፃ ቤት አዋጅ 370/1995 መሰረት ሕንፃው ላይ ያለን የጋራ ነገር ማስተዳደርና ማስጠገን የቤት ባለቤቶቹ ማህበር ስራ ነው። እሳቸው አሁንም አባል ስለሆኑ ለኮሚቴው በደብዳቤ እንዲያሳውቁ፣ ያልተከፈለ መዋጮ፣ መብራትና ውሃ ካለ ዘግተው ደረሰኙን እንዲሰጡን ተስማማን።

አሁን ሁሉም ሰው እንዲሰማው ምፈልገው ነገር፣ ይሄን ሁሉ በአፍ እንዳትተዉት። ገዢ ሲዋዋል ያወቀው ጉድለት ላይ ሻጭ ኋላ አይጠየቅም፣ ስለዚህ አስፈትሻችሁ ዝም ካላችሁ የፍተሻው ወረቀት ራሱ አውቃችሁ ለመግዛታችሁ ማስረጃ ይሆንባችኋል። ሰነዶች ማረጋገጫ ከመሄዳችን በፊት ጋሼ ሚፈጽሙት ነገር በሙሉ በተራ ቁጥር ውሉ ላይ ገባ፣ ከክፍያውም ትንሽ ቀሪ ደረሰኞቹ እስኪመጡ ድረስ ተያዘ። ጋሼ ቅር አላላቸውም፣ "ተጽፎ ሲቀመጥ ለሁላችንም ጥሩ ነው" ነው ያሉት።

ያልወደድኩትም አለ። ሪፖርቱ በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው፣ ጋሼ ፊት ስንዘረጋው ምን እንደተጻፈ ማንበብ አልቻሉም፣ ይሄ ለድርድር የሚሆን ወረቀት አይደለም፣ አጥብቀን ስንጠይቀው ነው በአማርኛ ሁለት ገጽ አሳጥሮ ያመጣልን፣ ከመጀመሪያውም እንደዛ መሆን ነበረበት። የቀጠሮ ሰዓት አያከብርም። ጣሪያ ላይ ያለውን ሮቶና ፓምፕ አያይም፣ እሱ ሌላ ክፍያ ነው ይላል፣ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ እሱ ከዋናው ፍተሻ መውጣቱ ልክ አይመስለኝም። ጥገናው ካለቀ በኋላ መጥቶ ስራውን ማየትም የለም፣ ለዛ ሌላ ባለሙያ ነው የፈለግነው።

ለመጀመሪያ የቀጠረን ቀን ደሞ የሰፈሩ ውሃ የማይመጣበት ቀን ሆኖ የቧንቧውን ግፊት ማየት አልተቻለም፣ ሌላ ቀን መመለስ ነበረበት። ስለዚህ እሱንም ሆነ ሌላ ሰው ስትቀጥሩ ውሃ የሚመጣበትን ቀን ከሻጩ ጠይቁ፣ የታች ቤት ሰዎችም እቤት የሚሆኑበት ሰዓት ይሁን።