ያገለገለ መኪና ስንገዛ ለረዱን መካኒክ ምስጋናና ጥቆማ

ይህን የምጽፈው ከስምንት ወር በፊት ያገለገለ የቤት መኪና ስንገዛ ከትልቅ ኪሳራ ያዳኑንን አንድ አረጋዊ መካኒክ በአደባባይ ለማመስገንና እንደ እኛ ውስን ገንዘብ ይዘው መኪና ለሚፈልጉ ቤተሰቦች ለመጠቆም ነው። ስማቸውን የማልጠቅሰው ራሳቸው ስለከለከሉኝ ነው፤ «ልጄ፣ የደላላ ጠላት ከምታበዢብኝ ደንበኛ ቢቀርብኝ ይሻለኛል» ብለውኛል። የሚሠሩት ተክለሃይማኖት አካባቢ፣ ከሦስት መኪና በላይ በማይዝ ጠባብ ግቢ ውስጥ ነው።

እኔ ሜክሲኮ አካባቢ በሚገኝ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ሠራተኛ ስሆን ባለቤቴ መምህር ነው፤ ከሁለት ልጆቻችንና ከአማቴ ጋር አምስት ነን። እቁብ ደርሶኝ፣ ከመሥሪያ ቤቴ የቁጠባና ብድር ማኅበር የተበደርኩት ሲጨመርበት፣ በእጃችን የገባው ገንዘብ ለአንድ አሮጌ መኪና የሚበቃ እንጂ ለስህተት የሚተርፍ አልነበረም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ከውጭ ማስገባትን እጅግ ውድ ካደረገው፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ አገር ውስጥ ያለው መኪና ከእጅ ወደ እጅ ይገላበጣል እንጂ ተተኪ አያገኝም፤ ስለዚህ ሃያ ዓመት ያገለገለው እንኳ ቀለም ተቀብቶ «ሴት የያዘችው» እየተባለ ይቀርባል። በዚያ ሰሞን ያየኋቸው መኪኖች በሙሉ በሴት የተያዙ ከሆኑ፣ የዚህ ከተማ ወንዶች ምን ሲነዱ እንደኖሩ እስካሁን አልገባኝም።

መካኒኩን የጠቆመችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት። መጀመሪያ ስንሄድ ምን ዓይነት መኪና እንደምንፈልግ ይጠይቁናል ብለን ነበር፤ እርሳቸው ግን የጠየቁን ማን እንደሚቀመጥበት፣ በየትኛው መንገድ እንደምንመላለስ፣ ማታ የት እንደሚያድርና ገንዘባችን ስንት እንደሆነ ነው። ገንዘቡን ስንነግራቸው ከላዩ አንድ አስረኛውን ቀንሰን ለጥገና ለብቻው እንድናስቀምጥ አዘዙን፤ ኪሱን አራግፎ አሮጌ መኪና የሚገዛ ሰው የመጀመሪያዎቹን ወራት በእግሩ ነው የሚሄደው አሉ። የኤሌክትሪክ መኪና ሐሳብም አንሥተንላቸው ነበር። አልተቃወሙም፤ የምንኖርበት ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ ቻርጅ ማድረጊያ እንደሌለ ሲሰሙ ግን «ማደሪያዋን ሳታዘጋጂ ላም አትግዢ» ብለው ነገሩን ዘጉት።

በመጀመሪያ ያሳየናቸው አንድ ደላላ ያመጣልንን ቪትዝ ነበር። ቀለሙ የሚያብረቀርቅ፣ ወንበሩ የታጠበ፣ ዋጋውም ካሰብነው ትንሽ ዝቅ ያለ በመሆኑ ባለቤቴ ቀብድ ሊከፍል ተዘጋጅቶ ነበር። መካኒኩ ኮፈኑን ሳይከፍቱ መዳፋቸውን አሳረፉበትና «ሞቆ ነው የመጣው፤ ነገ ጠዋት ሳይነሣ ልየው» ብለው መለሱን። ደላላው ተቆጣ፤ ሌላ ገዥ እየጠበቀው እንደሆነም ነገረን። በማግስቱ በጠዋት መኪናው ካደረበት ድረስ ሄደን ቀዝቃዛው ሞተር ሲነሣ ሰማያዊ ጭስ ወጣ። ጠዋት የሚታየው ነጭ እንፋሎት ሞተሩ ሲሞቅ ከጠፋ በአዲስ አበባ ብርድ የተለመደ መሆኑን፣ ሳይጠፋ ከቀጠለ ግን የቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ጓርኒሲዮን፣ ማለትም ማሸጊያው፣ ተበልቶ ውሃ ወደ ሞተሩ እየገባ ሊሆን እንደሚችል፣ ሰማያዊው ደግሞ ሞተሩ ዘይት እየበላ ለመሆኑ ምልክት መሆኑን አስረዱን። አስቀድሞ የሞቀ ሞተር ብናይ ኖሮ ይህ በቀላሉ ያመልጠን ነበር።

በዚህ አላበቁም፤ የእጅ ባትሪ ይዘው ከመሪው ሥር ተጋደሙ። ቪትዝ የሚለው ስም ቶዮታ እስከ 2020 (በፈረንጆቹ) ድረስ በጃፓን ገበያ ይጠቀምበት የነበረ እንደሆነ፣ ይኸው መኪና በሌላው ዓለም በአብዛኛው ያሪስ እንደሚባል፣ በጃፓን መሪ በቀኝ በኩል ስለሆነም እኛ አገር መሪው በግራ ሆኖ የምናየው ቪትዝ ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ የተዛወረ መሆኑን ያወቅሁት ያን ዕለት ነው። ማዛወሩ በጥንቃቄ ከተሠራ መኪናው ብዙ ዓመት ያገለግላል። በዚህኛው ላይ ግን ሽቦዎቹ ተቆርጠው በፕላስተር ተጠቅልለዋል፤ መሪውም እስከ ዳር ሲዞር ይንቋቋል። በመጨረሻ በጨርቅ የጠቀለሉትን ማግኔት በፓራፋንጎው (ከጎማው በላይ ባለው የአካል ክፍል) ላይ ሲያሳልፉት አንድ ቦታ ላይ አልይዝ አለ፤ ከሚያምረው ቀለም ሥር ያለው ላሜራ ሳይሆን የተጎዳ አካል የሚሞላበት ስቱኮ ነበር።

ሁለተኛው መኪና ኮሮላ ሲሆን በሞተሩም በአካሉም እንከን አልተገኘበትም። የመካኒክ ሥራ እዚህ ላይ ያበቃል ብዬ ሳስብ፣ እርሳቸው መነጽራቸውን አድርገው በሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከመኪናው ጋር አንድ በአንድ አመሳከሩ። ከዚያ ሻጩን ባለትዳር መሆኑን ጠየቁት። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ዋጋው ከ500 ብር በላይ የሆነ የጋራ ተንቀሳቃሽ ንብረት ያለ ሁለቱ ተጋቢዎች ስምምነት ስለማይሸጥ፣ ሚስቱ ውልና ማስረጃ ቀርባ እንድትፈርም፣ ካላገባም ማስረጃውን እንዲያመጣ፣ መኪናው የባንክ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት እገዳ እንደሌለበትም ከእኛ ጋር ሄዶ እንዲያጣራ ነገሩት። ሰውየው «ነገ እደውላለሁ» ብሎ ሄደ፤ አልደወለም።

የገዛነው በሦስተኛው ሳምንት የተገኘውን በፈረንጆቹ የ2008 ሞዴል ያሪስ ነው። መሪው ከፋብሪካው ጀምሮ በግራ የሆነ፣ ባለ 1.3 ሊትር ሞተር፣ በእጅ ማርሽ የሚሠራ መኪና ነው። ለዓይን የሚስብ አይደለም፤ የኋላ ፓራውልቱ ተጭሯል፣ የሾፌሩ ወንበር ልብስ ተቀዷል። ሻጩ ጡረተኛ ሲሆኑ ዘይት የቀየሩባቸውን ደረሰኞች በፖስታ አጠራቅመው አቆይተዋል። ቆጣሪው ከ210 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ያነባል፤ እኔ ደነገጥሁ፤ መካኒኩ ግን የፔዳሎቹ ጎማ መበላትና የመሪው መላላጥ ከቁጥሩ ጋር እንደሚስማማ፣ ያ የሚያብረቀርቀው ቪትዝ ግን ከዚህ የባሰ የተበላ ፔዳል ይዞ 90 ሺህ ማንበቡን አስታወሱኝ። እውነቱን የሚናገር ትልቅ ቁጥር ከሚዋሽ ትንሽ ቁጥር እንደሚሻል የተረዳሁት ያኔ ነው። ሞተሩ የሚሠራው በቺንጋ (በጎማ ቀበቶ) ሳይሆን በሰንሰለት በመሆኑ ገና እንደተነሣ የሰንሰለቱን ድምፅ ጆሯቸውን አስጠግተው አደመጡ። ጎማዎቹ ጎን ላይ ካሉት አራት አሃዞች የፊተኞቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን እንደሚናገሩም አሳዩን፤ ሁለቱ ጎማዎች 2317 ስለሚሉ፣ ማለትም በፈረንጆቹ 2017 ዓ.ም. በ23ኛው ሳምንት የተሠሩ ስለሆኑ፣ ጥርሳቸው ባያልቅም ዕድሜያቸው ሄዷል ብለው ከዋጋው አስቀነሱልን።

የመጨረሻው ፈተና ቸርችል ጎዳና ነበር። ባለቤቴ እየነዳ፣ መካኒኩ ከጎኑ፣ እኔ፣ አማቴና ትልቁ ልጃችን ከኋላ ሆነን ከለገሃር ወደ ማዘጋጃ ቤት ወጣን። ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች በመሆኗ አየሩ ስስ ነው፤ ትንሽ ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ገደማውን እዚህ ያጣል። ባዶ መኪና ሜዳ ላይ ነድቶ መግዛት ስለዚህ ምንም አይነግርም። አማቴ «ለካ የተጠራሁት ለጭነት ነው!» ብለው ሳቁ። ቴዎድሮስ አደባባይን አልፈን ስንወጣ ሙቀቱ አልጨመረም፣ ሞተሩን ከማርሹ ጋር የሚያገናኘው ፍሪሲዮንም አልተንሸራተተም።

የወሰዱት ክፍያ ለአንድ አዲስ ጎማ መግዣ አይበቃም፤ ላልገዛናቸው ሁለት መኪኖችም አስከፍለውናል፤ ይህም ተገቢ ነው እላለሁ፤ ምክንያቱም ትልቁን ገንዘብ ያተረፉልን በእነዚያ ሁለቱ ነው። ሻጩ የድካም ብለው ብር ሲያቀብሏቸው «ከዋጋው ላይ ለልጆቹ ይቀነስላቸው» ብለው መለሱ፤ ተቀነሰም። ከግዢው በኋላ የፍሬን ሸራና ኩሽኔታ ለመግዛት ሶማሌ ተራ አብረውን ሄደው የትኛው ዕቃ ኦሪጅናል እንደሚያስፈልገውና የትኛው ያገለገለ ቢሆንም እንደሚበቃ ለይተውልናል።

የማይመቹ ነገሮችም አሏቸው። ሥራ ላይ ሳሉ ስልክ አያነሡም፤ አውቶማቲክ ካምቢዮና ኤሌክትሪክ ሥራ አይነኩም፣ ወደ ሌላ ባለሙያ ይልካሉ፤ የወደዳችሁትን መኪና ሲያጣጥሉም ቃል አይመርጡም። ስለ እኛው ያሪስ «ራዲያተሩ ክረምቱን አይጨርስም» ብለው ነበር፤ ነሐሴ ላይ አፈሰሰ፤ አስቀምጡ ካሉን አንድ አስረኛ ላይ ከፍለን አስቀየርነው።

አድራሻቸውን ለሚፈልግ በግል መልእክት እሰጣለሁ። ስትሄዱ የሊብሬውን ኮፒ ያዙ፣ ሻጩም ሞተሩን በጠዋት እንዳያስነሣ ከዋዜማው ንገሩት፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አይሠሩም።