የታገደ ቁጥር መክፈት፦ ከጥሪ መዝገብ ወይስ ከታገዱ ቁጥሮች ዝርዝር?

አጭሩ መንገድ የጥሪ መዝገቡ ነው። በጉግል የስልክ መተግበሪያ ቁጥሩን ተጭነው ይያዙና እገዳ ማንሻውን ይምረጡ፤ በአይፎን ከቁጥሩ ጎን ያለችውን ክብ ምልክት ነክተው ወደ ታች ይውረዱና እገዳ ማንሻውን ይንኩ። ችግሩ፣ ከታገደ የቆየ ወይም ከመዝገቡ የጠፋ ቁጥር እዚህ አይገኝም።

ዝርዝሩ ግን ሁሉንም ይዟል። በጉግል መተግበሪያ ሦስቱን ነጥቦች፣ ቀጥሎ ቅንብሮችን፣ ከዚያ የታገዱ ቁጥሮችን ከፍተው ከቁጥሩ ጎን ያለውን የኤክስ ምልክት ይንኩ። በሳምሰንግ ምልክቱ የመቀነስ ነው። በአይፎን በቅንብሮች ውስጥ ስልክ የሚለውን (ከአይኦኤስ 18 ወዲህ «መተግበሪያዎች» ሥር ነው) ከፍተው ወደ ታገዱት ይሂዱና ቁጥሩን ወደ ግራ ያንሸራትቱ። የምንመርጠው ይህንን ነው፤ ምክንያቱም ሁለት ቁጥር ያለው ሰው አንዱ ብቻ ተከፍቶለት ሌላው እንደታገደ ቢቀር ወዲያው ይታያል።

በየትኛውም መንገድ ቢከፍቱ የቴሌግራምና የዋትስአፕ እገዳ ለብቻው ነው የሚነሳው። በአይፎን በእገዳው ጊዜ የተላከ መልእክትም ተመልሶ አይመጣም፤ ላኪው እንደገና ይላከው። ከፍተውም ጥሪው ድምፅ ካላሰማ፣ «አትረብሽ» ወይም የማይታወቁ ደዋዮችን ዝም የሚያሰኘው ቅንብር በርቶ እንደሆነ ይመልከቱ።