የተሰነጠቀ ዳሽቦርድ ጥገና፦ ሱማሌ ተራ አካባቢ ያገኘሁት አገልግሎት

የ1982 እ.ኤ.አ. ሥሪት የሆነችው ኮሮላ ዲኤክሴ ሞተሯ ዛሬም ጤነኛ ነው፤ ያረጀባት ዳሽቦርዷ ነበር። ከመሪው ፊት እስከ ሬዲዮው በላይ ሦስት ስንጥቆች ነበሩባት፤ ረጅሙ አንድ ስንዝር ያህል ሲሆን፣ ጠርዞቹ ወደ ላይ ተቆልምመው ከሥር ያለው ቢጫ ስፖንጅ በጣት ሲነካ እንደ ዱቄት ይረግፍ ነበር።

ቪኒል ልስላሴውን የሚያገኘው በፋብሪካ ከሚጨመርበት ማለስለሻ ነው። መኪናው ፀሐይ ላይ በዋለ ቁጥር ይህ ማለስለሻ ጥቂት በጥቂት እየተነነ ይወጣል፤ በፊት መስታወቱ የውስጥ ገጽ ላይ የሚጋገረው ቅባት መሰል ጉምም አንዱ ምንጩ ይኸው ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ በላይ ያለች ከተማ በመሆኗ የፀሐዩ አልትራቫዮሌት ጨረር ይበረታል፤ ስለዚህ ጥላ በሌለበት ደጅ የምትውል መኪና ዳሽቦርድ መሰንጠቁ አያስገርምም።

ቀደም ሲል አንድ ጋራዥ ስንጥቆቹን በስቱኮ ደፍኖልኝ ነበር። ስቱኮ ለቆርቆሮ የሚሆን፣ ሲደርቅ ድንጋይ የሚሆን ነገር ነው፤ ዳሽቦርድ ግን ቀን በሙቀት ይለጠጣል፣ ማታ ይሰበሰባል። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ድፍኑ ከነጠርዙ ተነሣ።

ሱማሌ ተራ አካባቢ ያገኘኋቸው የታፒሴሪ (የመኪና የውስጥ ልባስ) ባለሙያ ሥራውን የጀመሩት በመጥረግ ነው። ነጭ ጨርቅ በአልኮል ነክረው ዳሽቦርዱን ደጋግመው ካሹት በኋላ ጨርቁን ዘርግተው አሳዩኝ፤ ላቫጆ በሄድኩ ቁጥር የተቀባው ማብረቂያ ቡናማ ሆኖ ወጥቶበታል። «ይህ የማብረቂያው ሲሊኮን ካልወጣ ምንም ነገር አይዝልዎትም» አሉኝ። ከዚያም የተቆለመመውን ጠርዝ በምላጭ ቆርጠው አነሡ፣ ስፖንጁን በብርጭቆ ወረቀት ከቪኒሉ ገጽ ዝቅ እስኪል ፈተጉ፣ ሲደርቅ እንደ ጎማ የሚተጣጠፍ መሙያም በስሱ እየደራረቡ፣ እያንዳንዱን ድርብ በፎን እያደረቁ ሞሉት። ቆዳ መሰሉን የገጽ ቅርጽ ያገኙት ካልተጎዳው ጥግ ላይ በሲሊኮን ቅጂ አንሥተው፣ ገና ትኩስ በሆነው ድርብ ላይ በመጫን ነው። ይህን ሲያደርጉ እጃቸው ለአፍታም አልተንቀጠቀጠም።

ከዚያ ወዲህ አራት ወር አልፏል፤ አንዱም ስንጥቅ አልተመለሰም። የከፈልኩት ዋጋ ሙሉውን በአዲስ ሌዘር ለማልበስ ከተጠየቅሁት ግማሽ አይሞላም። ቅር ያሰኙኝ ሁለት ነገሮች ናቸው፦ በአንድ ቀን ያልቃል የተባለው ሥራ ሦስት ቀን ፈጀ፤ የተቀባው ጥቁር ቀለምም እኩለ ቀን ላይ ከቀሪው ጥቂት ያበራል፣ በጥላ ግን ልዩነቱ አይታይም።

ዳሽቦርዱ ከዳር እስከ ዳር ለተተረተረበት ሰው ግን ይህን ጥገና አልመክርም፤ አንዱ ሲደፈን ሌላው ይከፈታልና ማልበሱ ይሻለዋል። እንደ እኔ ሁለት ሦስት ስንጥቅ ላለበት ሰው ግን ከልብ እመክራለሁ፤ ከመክፈሉ በፊትም የሚሞሉበት ነገር ሲደርቅ የሚተጣጠፍ መሆኑን በእጁ አጥፎ ይመልከት። ባለሙያው የተረፈውን ቀለም በትንሽ ብልቃጥ ሰጥተውኛል፤ ለሚጫር ቦታ እንዲሆን የዕቃ ማስቀመጫው ውስጥ አኑሬዋለሁ።