የካምቢዮና የዲፈረንሻል ዘይት «በአንድ ዋጋ» ከሚቀይሩ ጋራዦች ተጠንቀቁ

ማርሹ እየከበደ የመጣ አሮጌ ፒካፕ ወይም የጭነት መኪና ያላችሁ ሁሉ፣ «የካምቢዮውንና የዲፈረንሻሉን ዘይት በአንድ ዋጋ እንቀይርላችሁ፤ ማርሹ እንደ አዲስ ይሆናል» ከተባላችሁ፣ ከመስማማታችሁ በፊት ምን ዓይነት ዘይት እንደሚሞላ ዕቃው ላይ የተጻፈውን ራሳችሁ አንብቡ።

አዲስ አበባ በሚገኝ አንድ ጋራዥ በአጎቴ አሮጌ ኒሳን ፒካፕ ላይ የተሠራውን አይቻለሁ። የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ለካምቢዮው (ለማርሽ ሳጥኑ) ጂኤል-4፣ ጉልበቱን ለጎማዎቹ ለሚያከፋፍለው ለዲፈረንሻሉ ደግሞ ጂኤል-5 የተባሉትን የማርሽ ዘይት ደረጃዎች ለይቶ ያዛል፤ መካኒኩ ግን ከአንድ በርሜል በጄሪካን የቀዳውን ጂኤል-5 ለሁለቱም ሞላው። ከዚያ ወዲህ ቁልቁለት ላይ ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ሲመለስ ማርሹ እየተንገጫገጨ አልገባ ይል ጀመር። ቅሬታችንን ስናቀርብ የተሰጠን መልስ «ካምቢዮው አርጅቷል፣ ወርዶ ይታደስ» የሚል ሲሆን፣ የተጠየቀው ገንዘብም ከዘይት ቅያሪው ጋር የሚወዳደር አልነበረም። ሌላ ባለሙያ ዘይቱን አፍስሶ ትክክለኛውን ጂኤል-4 ሲሞላበት ግን፣ ካምቢዮው ሳይወርድ መንገጫገጩ በእጅጉ ቀነሰ።

ሁለቱም ዘይቶች 80ደብሊው-90 ተብለው ሊሸጡ ስለሚችሉ ልዩነታቸው በውፍረት አይታወቅም። ጂኤል-5 የተሠራው ጥርሶቹ በከባድ ጫና እየተንሸራተቱ ለሚሽከረከሩት የዲፈረንሻል ጥርሶች በመሆኑ፣ በውስጡ ያለው የድኝና የፎስፈረስ ቅመም ከጂኤል-4 እጥፍ ያህል ነው። በካምቢዮ ውስጥ ግን ሲንክሮናይዘር የሚባለው፣ በአሮጌ መኪኖች ብዙውን ጊዜ ከናስ የሚሠራው ቀለበት፣ ማርሹ ከመግባቱ በፊት ከጥርሱ ጋር ተፋትጎ ፍጥነታቸውን ማስተካከል አለበት። ዘይቱ ከልክ በላይ ካንሸራተተው ቀለበቱ መያዝ ስለማይችል ጥርሶቹ ፍጥነታቸው ሳይመጣጠን ይገናኛሉ፤ የምንሰማው ድምፅም ይኸው ነው። በዚህ ላይ ቅመሙ በሙቀት ናሱን ቀስ በቀስ ሊበላው ይችላል። ናስ የማይጎዱ ጂኤል-5 ዘይቶች ዛሬ እንዳሉ አውቃለሁ፤ ይሁን እንጂ መንሸራተቱን አያስቀሩትም፣ ከበርሜል የተቀዳው ዘይት ከእነርሱ አንዱ ስለመሆኑም ማረጋገጫ የለም።

ደግሞም ለሁሉም መኪና የሚሆን አንድ የካምቢዮ ዘይት የለም። አንዳንድ የኢሱዙ ካምቢዮዎች የሞተር ዘይት እንዲሞላባቸው ይታዘዛል፤ አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ አሮጌዎቹ የፎርድ ሬንጀር ማኑዋል (በእጅ የሚቀየሩ) ካምቢዮዎች የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት እንደሚወስዱ አስተውሉ። ስለዚህ መመሪያ መጽሐፉን ሳያይ «ሁሉም ያው ነው» የሚል መካኒክ መኪናችሁን ባይነካ ይሻላል።

ማርሽ የከበደው ሁሉ በዘይት አይድንም። ሞተሩ ጠፍቶ ያለችግር የሚገባ ማርሽ ሞተሩ ሲነሳ እምቢ ካለ፣ በቅድሚያ የሚጠረጠረው ፍሪሲዮኑ በሚገባ አለመልቀቁ ነው። በአንድ ማርሽ ላይ ብቻ የሚንገጫገጭ ከሆነ የዚያ ማርሽ ሲንክሮናይዘር ማለቁን ሊያመለክት ይችላል። ጠዋት ጠዋት፣ ዘይቱ እስኪሞቅ ድረስ ብቻ የሚከብድ ከሆነ ግን የዘይት ቅያሪው እውነተኛ ጥቅም ሊሰጥ ይችላል።

ሥራው ሲሠራ አጠገቡ ቁሙ። መካኒኩ የታችኛውን ማፍሰሻ ቡሎን ከመፍታቱ በፊት በጎን ያለው መሙያ ቡሎን የሚፈታ መሆኑን ያረጋግጥ፤ አሮጌው ፈስሶ መሙያው አልፈታ ቢል መኪናው ያለ ዘይት እዚያው ይቀራል። በማፍሰሻው ማግኔት ላይ የሚገኝ እንደ ቅባት የላመ ጥቁር ብናኝ የተለመደ ነው፤ የጥርስ ስባሪ ወይም በፈሰሰው ዘይት ውስጥ የሚያብለጨልጭ ብዙ የናስ ብናኝ ግን የተለመደ አይደለም። አዲሱ ዘይት ከታሸገ ዕቃ ይከፈት፣ መኪናው በደልዳላ ቦታ ቆሞ እስከ መሙያው አፍ ድረስ ይሞላ።

ደረሰኙ ላይ «የዘይት ቅያሪ» ከሚል ጥቅል ቃል ይልቅ የዘይቱ ስም፣ ደረጃውና ሊትሩ እንዲጻፍ ጠይቁ። ስለምትገዙት ዕቃና አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ ማግኘት በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የተሰጣችሁ መብት ነው። ጂኤል-4 በሚጠይቅ ካምቢዮ ውስጥ ጂኤል-5 የተሞላባችሁ ካላችሁ፣ ካምቢዮ ለማስወረድ ከመስማማታችሁ በፊት መኪናውን ጥቂት ነድታችሁ ዘይቱ ሞቅ እንዳለ አስፈስሱትና በትክክለኛው አስተኩት።