የአሮጌ ጀልባ ሞተር ካርቡሬተር፦ ፈቶ ማደስ ወይስ አዲስ መግዛት?

እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የተሠሩት የጆንሰንና የኢቪንሩድ ሞተሮች ዛሬም ይነሣሉ። ብዙ ጊዜ የሚያስቸግራቸው ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡሬተር ነው።

ወጪ፦ ለእድሳት ጋስኬት (ማሸጊያ)፣ የነዳጅ መግቢያ መርፌና ነዳጁ ሲሞላ መርፌውን ገፍቶ መግቢያውን የሚዘጋው ተንሳፋፊ ይበቃሉ። አዲሱ በጣም ይወደዳል።

ድካም፦ አዲሱን መግጠም ቀላል ነው። እድሳት ግን ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ቀጫጭኑ ቀዳዳ ሁሉ በማጽጃ ታጥቦ በኮምፕሬሰር አየር ይነፋል። በሽቦ አትጎርጉሩት፤ ከሰፋ የነዳጁ መጠን ይዛባል። ተንሳፋፊውንም እዩት። የዚያ ዘመኑ በአብዛኛው ቅብ ያለው ቡሽ ነው፤ ኤታኖል ያለበት ቤንዚን ቅቡን ያሟሟዋል፣ ቡሹ ነዳጅ ጠጥቶ ይከብዳል፣ ካርቡሬተሩም ቤንዚን ያፈስሳል። በዚህ አልደራደርም፤ ኤታኖል በሚችል ፕላስቲክ ይቀየር።

አደጋ፦ እንደነዚህ ያለ ቱ ስትሮክ ሞተር ዘይቱን የሚያገኘው ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ነው። ነዳጅ ሲያንሰው ቅባትም ያንሰዋል፤ ግሎ ፒስተኑ ይጫራል። ለሌላ ሞተር የተሠራ ካርቡሬተር ደግሞ ነዳጅ ሊያሳንስ ይችላል፤ ስለዚህ አዲሱ ካርቡሬተር ገጠመ ማለት ለሞተሩ ተስማማ ማለት አይደለም።

አካሉ ካልተሰነጠቀ ፍቱና አድሱ። ጨዋማ ውኃ ብረቱን ከበላው፣ ወይም የስሮትሉ (የአየር መጠን መቆጣጠሪያው) ዘንግ ላልቶ አየር ካስገባ፣ በሞተሩ የሞዴል ቁጥር ፈልጋችሁ ግዙ።