ዓባይን ላሻገረን ቀዛፊ ምስጋና

ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ በላይ እናቴን አሻግሮ ለእኅቷ ተዝካር ላደረሰልን የታንኳ ቀዛፊ እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ዓባይን የምትሻገሩ ሁሉ ከእርሱ ጋር ተሻገሩ፤ አምና እኛ ያየነውን አትዩ።

አምና በሌላ መሻገሪያ አንድ ባለታንኳ «ውሃው ጋኔን አለበት፤ ሳይገበርለት አያሳልፍም» ብሎ የዶሮ ዋጋ ተቀበለን። ዶሮም አላየን። የተሠራበት ደንገል ውሃ ጠጥቶ በከበደ ታንኳ ላይ ስድስት ሰው ከነእህሉ ጫነ፤ መሀል ሲደርስ መቅዘፉን አቁሞ ጭማሪ ጠየቀ። ውሃው ቁርጭምጭሚቴ ደርሶ ነበር። በሰው ፍርሃት መነገድ! እናቴ ከዚያ ወዲያ ወንዙን ላትሻገር ማለች፤ አክስቴም እንደ ናፈቀቻት ሞተች። ያን ሰው ይቅር ማለት ያቃተኝ ለዚህ ነው።

ዘንድሮ በነሐሴ የመጣንበት ቀዛፊ ግን ውሃውን አይቶ «አንዳሳ ወንዝ ሞልቶ ዓባይ እየገባ ነው፤ ዛሬ አይሆንም» አለና ገንዘባችንን መለሰ። ቤቱ ወስዶ አሳደረን። ባለቤቱ ቡና አፈላችልን፤ መደባቸውን ለእናቴ ለቀቁላት። በማግሥቱ ከዋርካው ሥር አቁሞ ካደረቃቸው ታንኳዎች አንዱን መረጠ። ለምን ያንን እንደ መረጠ አልገባኝም፤ እየዞረ በመዳፉ ሲጫነው ብቻ አይቻለሁ።

እናቴ ግን አልገባም አለች። በተወለደችበት ቀበሌ ወንዝ ላይ ሰው በስሙ አይጠራም፤ ውሃው ከሰማ ያስቀረዋል ይባላል። ታላቅ ወንድሟን ዓባይ ሲወስደው እርሷ ከዳር ሆና ስሙን ትጠራ ነበር። ይህን ለእኔ እንኳ ነግራኝ አታውቅም፤ ለእርሱ ነገረችው። አልሳቀባትም፤ አልገሠጻትምም። «እንግዲያው ስምዎን አልጠይቅም፤ የእኔንም አልነግርዎትም» አላት። የፏፏቴው ድምፅ ከበታች እየተሰማ፣ እርሱ በቀዘፈ ቁጥር «አይዞዎት እናታለም፣ ደረስን እናታለም» ይላት ነበር። እኔ ረስቼ ስሙን ልጠይቀው ስል በዓይኑ ከለከለኝ።

እግሯ ማዶ መሬት ሲረግጥ «አሁን ስምዎን ይንገሩኝ» አላት። ነገረችው። ከዚያ የወንድሟንም ስም ነገረችው።

ጢስ ዓባይ ስትደርሱ ከዋርካው ሥር ታንኳ የሚያደርቀው ቀዛፊ የት አለ ብላችሁ ጠይቁ። «ዛሬ አይሆንም» ካላችሁ እመኑት፤ ቸኩላችሁ ሌላ አትፈልጉ። እናቴ በጥቅምት የአክስቴን ልጆች ልትጠይቅ አስባለች፤ ከእርሱ በቀር ከማንም ጋር አልሻገርም ብላለች።